የቁርቁራው መጨበጫ

የሸህ ሱሌይማን ቀኝ እጅ ከንጋት ጀምሮ አላረፈችም። ከማንጎው ጥላ ሥር በተነጠፈው ሰሌን ላይ ተቀምጠው በግራ እጃቸው መቁጠሪያ ይቆጥራሉ፤ ቀኟ ግን ከጉልበታቸው አጠገብ ባዶ አየር ጨብጣ ወደ ፊት ትገፋለች፣ ወደ ኋላ ትስባለች፣ ጥቂት ታርፍና እንደገና ትገፋለች። የማያውቃቸው ሰው ቢያይ ዝንብ የሚያባርሩ ይመስለው ነበር። ልጃቸው ኸድር ግን ምን እያደረጉ እንደሆነ ያውቃል፤ ማርሽ እየቀየሩ ነው። ሸህየው ዓይናቸው ከጨለመ ከራርሟል። ዛሬ ግን ወደ ጉብዝናቸው ዘመን ተመልሰው የሙሴ ኮስታን ቀይ አልፋ ሮሜዮ በሮቢ ወንዝ ድልድይ ላይ ያበሯታል።

ቀኑ ወበቁን አሰናድቶ ነበር የመጣው። ሸዋ ሮቢት በዚህ ወር ጠዋት የሚባል ነገር የላትም፤ ሌሊቱ ያልቅና ቀጥታ ቀትር ነው። ኸድር ላቡን በክንዱ እየጠረገ ዛሬ የምትመጣው መኪና የምታርፍበትን ዳስ አሁንም ዞረው። መሬቱን ደልድሏል፣ ጠጠር አልብሷል፣ ዶሮዎቹን ከነቆጣቸው ወደ ጓሮ አሳዷል። በአስፋልቱ በኩል ያለውን አጥር አፍርሶ ለመግቢያ የተወው ክፍተት ሁለት አይሱዙ ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ሆኖ ሲገኝ፣ ጎረቤቱ ለማ «ምነው ኸድር፣ የምታስገባው አልፋ ነው ወይስ ባቡር?» እያለ ሲስቅበት ነው የሰነበተው። ይሳቅ። ኸድርን ዛሬ የማንም ሳቅ አይቆረቁረውም።

ነገሩ የጀመረው ኸድር ሳይወለድ ነው። ሸህ ሱሌይማን ገና ሸህ ሳይባሉ፣ በቆላው የጥጥ እርሻ ያስተዳድር ለነበረ፣ ሙሴ ኮስታ ለሚባል ግሪካዊ ሾፌርና መካኒክ ነበሩ። ሰውየው ባለ ሁለት መቀመጫ፣ ጣሪያዋ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ ቀይ አልፋ ነበረችው። አንድ ቀን የማርሿ መጨበጫ ተሰበረ። መለዋወጫው ከአስመራ እስኪመጣ ወጣቱ ሱሌይማን ከእርሻው ዳር ቁርቁራ ቆርጦ፣ ጠርቦ፣ በጋለ ብረት በስቶ፣ በቅቤ አሽቶ ሌላ ሠራላት። መለዋወጫው ሲመጣ ሙሴ ኮስታ አንዴ አየት አደረገና መሳቢያ ውስጥ ወረወረው፤ ከቁርቁራው ጋር ተላምዶ ነበር። በኋላ እርሻው ሲወረስ አልፋዋን ይዞ በጅቡቲ በኩል ወጣ። እስከ ሚሌ የነዱለት ሱሌይማን ነበሩ። ከዚያ ወርደው በጭነት መኪና ተመለሱ፤ ልባቸው ግን እዚያው ቀረ።

በዚያ ቤት ያደገ ልጅ ሁሉ ይህን ታሪክ ከወተት ጋር ነው የጠጣው። ኸድርም ጠጥቶታል፤ ረድዋንም።

ረድዋን ሸህየው የወለዱት አይደለም። እናቱ በወሊድ ስትሞት የኸድር እናት ወስዳ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ጡቷ አድርጋ አሳደገቻቸው። ከአንድ ጡት የጠባ ደግሞ ወንድም ነው፤ ይህን የሚከራከር ሰው በይፋት ምድር የለም። ረድዋን ለሥራ ወደ ሻርጃ ሲሄድ ሸህየው ወዳጃ ጠሩለት። ሰፈሩ ጫቱን ይዞ ተሰበሰበ፣ መዳፉን ዘረጋ፣ እሳቸው ሲለምኑ «አሚን» እያለ ሸኘው። ረድዋንም አላሳፈረም። ያገለገለ መኪና ነጋዴ ሆነ፣ ወፈረ፣ በየአረፋው ሻንጣ ሙሉ ይዞ መምጣት ጀመረ።

ካቻምና ለአረፋ መጥቶ ሊመለስ ሲል የኸድር ሚስት ሙሀባ በርበሬና ቅቤ ጠቅልላ ሰጠችው። እሱ ግን ኸድርን «ቁርቁራም ቆርጠህ ስጠኝ ወንድሜ፤ እሱን ሳሸት የአባ ወግ ትዝ ይለኛል» አለው። ኸድር እንባው መጣ። መጥረቢያውን አንስቶ ከአትክልቱ ዳር የክንዱን ያህል የሚወፍር እንጨት ራሱ ቆርጦ፣ ራሱ ልጦ ሰጠው።

ከዚያ በኋላ፣ የነዳጅ መኪና ማስገባት ሊከለከል ነው የሚለው ወሬ በበረታበት ሰሞን፣ ከሻርጃ ፎቶ መጣ። ቀይ አልፋ። ረድዋን አሮጌ መኪና ከሚሰበስብ ዓረብ ግቢ እንዳገኛት ጽፏል። ኸድር «የዓለም አልፋ ሁሉ ቀይ ነው» ሊለው ሲል ሁለተኛው ፎቶ ገባ፤ ከማርሿ ዘንግ ላይ የተተከለ ክብ የእንጨት መጨበጫ። ኸድር ስልኩን ይዞ እንደ ልጅ እየሮጠ አባቱ ዘንድ ሄደና፣ ለማያዩት ሰው ፎቶ እየዘረጋ፣ «አባ! ተገኘች! ወላሂ ተገኘች!» አለ። የሸህየው ቀኝ እጅ ያን ቀን ነው መንቀሳቀስ የጀመረችው።

አልፋ በማንጎ ይገዛል ቢሉ ማን ያምናል? ኸድር ግን ገዛ። ከሮቢ ወንዝ እየጠለፈ የሚያጠጣውን፣ ልጆቹን ያሳደገበትን የማንጎ አትክልት ለአንድ ነጋዴ ሸጠና ገንዘቡን ላከ። ለራሱ ያስቀረው አባቱ የሚቀመጡበትን አንዱን ዛፍ ነው። ውል የሚለውን ቃል በዚያ ቤት ያነሳችው ሙሀባ ብቻ ነበረች። «ምናለ ወረቀት ብጤ ብትጻጻፉ?» አለችው አንድ ቀን፣ ሽንኩርት እየላጠች፣ ቀና ሳትል። ኸድር ተቆጣ። «አባ እጃቸውን የዘረጉለትን ሰው ወረቀት ልጠይቀው? ውል ከባዳ ጋር ነው!» አላት። ሙሀባ ሽንኩርቷን ቀጠለች፤ መኪናዋም በረድዋን ስም ተገዝታ፣ በረድዋን ስም መርከብ ላይ ወጣች።

አሁን ጅቡቲን አልፋ፣ ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ ተከፍቶላት፣ በከባድ መኪና ተጭና ከኮምቦልቻ እየወረደች ነው። ለማ ፒካፑን አስነስቶ ከደጅ ጥሩምባ ነፋ። «ውጣ እንጂ ሙሽራው! ጀውሃ ደርሰዋል አሉ፣ ምሳ ላይ ናቸው።»

ኸድር ወደ አባቱ ጎንበስ አለ። ሸህየው ክንዱን ያዙት። «ሞተሯን ማንም እንዳይነካ፤ መጀመሪያ እጄን ላሳርፍባት። ሰዉ ቢመጣም ዱዓውን አልጀምርም፣ አንተን እጠብቃለሁ።»

«ኢንሻአላህ አባ።»

መንገዱ በሁለቱም በኩል ማሽላ ነው። ለማ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ ያወራል፣ ይስቃል፣ ለሚያልፈው ባጃጅ ሁሉ ጥሩምባ ይነፋል። «እኔ የምለምንህ አንድ ነገር ነው» አለ፣ «ከሸህየው ቀጥሎ መሪዋን የምይዘው እኔ ልሁን። ሚስቴን አልማዝን አስቀምጬ ጀውሃ ደርሼ ልመለስ። ሃያ ዓመት ሙሉ በጭነት መኪና ነው ያንከራተትኳት።» ኸድር ሳቀ። ልቡ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይመላለሳል፤ አባቱ ከማለፋቸው በፊት አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ መጨበጫቸውን ይጨብጡ። አትክልቱ የሄደው ለዚህ ነው፤ ይህን ካየ አይቆጨውም።

ጀውሃ ከባድ መኪኖች ከምግብ ቤቶቹ ፊት ተሰልፈው ቆመዋል። ኸድር የሚፈልገውን ከሩቅ ለየው፤ በሸራ የተሸፈነች ትንሽ ጉብታ የተሸከመውን። ፒካፑ ሳይቆም ወረደ ማለት ይቻላል። ረዳቱ «ወንድም፣ ወዴት ነው?» ቢለው «የእኔ ናት» አለና ተንጠላጥሎ ወጣ፣ የሸራውን ጫፍ ፈታ፣ ገለጠ። ቀይ። መዳፉን ሲያሳርፍባት ብረቷ ሊጥ የሚያበስል ትኩሳት ነበረው፤ ግን እጁን አላነሳም። ቢስሚላህ ብሎ በመስኮቷ ወደ ውስጥ አየ። መሪዋ አለ። መቀመጫዎቿ አሉ። የማርሿ ዘንግ ግን ራስ የለውም፤ ባዶ ብረት ቆሟል።

«ውረድ ወንድሜ፣ ትወድቃለህ» የሚል ድምፅ ከሥሩ ሰማ።

ረድዋን ነው። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ከፊቱ ላብ የለም፤ ከመኪና ማቀዝቀዣ ወጥቶ መምጣቱ ነው። ኸድር ወርዶ አቀፈው። ረድዋንም አቀፈው፤ ግን እጁ ጀርባውን መታ መታ አደረገችና ቶሎ ተመለሰች። ከምግብ ቤቱ በር ላይ ጥቁር መነጽር ያደረገ የማይታወቅ ሰው ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

«መጨበጫው የት ሄደ?» አለ ኸድር።

«እኔ ጋ ነው።» ረድዋን ክንዱን ይዞ ወደ ከባዱ መኪና ጥላ ወሰደው። «ስማኝ ኸድር፣ አትቆጣ። መኪናዋ አዲስ አበባ ትገባለች።»

«ለቀረጥ ነው? ለታርጋ?»

«እዚያው ትቀራለች። ያ ሰው የቆመው ሊረከባት ነው። ጌታው እንዲህ ያሉ መኪኖች የሚሰበስብ ሰው ነው፤ ወለሉ እብነ በረድ የሆነ አዳራሽ አለው። አንተ ዘንድ ብትገባ ምን ልትሆን ነው? አቧራ ልትጠጣ? ዶሮ ሊተኛባት?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የአትክልቱን ነገር አልረሳሁትም። ቀስ ብዬ እክስሃለሁ።»

«ለአባ እኮ ነው» አለ ኸድር።

«ማየት ለማይችል ሰው መኪና ምን ያደርግለታል?» ረድዋን ከኪሱ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ በኸድር መዳፍ ላይ አኖረው። «እሳቸው የሚፈልጉት ይሄንኑ ነው። ስጣቸው፤ ደስ ይላቸዋል።» ሊሄድ ዞር ብሎ እንደገና ተመለሰ። ያን ጊዜ ፊቱ ላይ የልጅነቱ ረድዋን፣ ጨለማ የሚፈራው፣ ለአፍታ ብቅ አለ። «ደግሞ… ዱዓ ያድርጉልኝ በላቸው። ከፊታችን የጣርማ በር ዳገት አለ። ያለ አባ ዱዓ ወጥቼው አላውቅም።»

ለማ ከሩቅ ሁሉንም አይቷል፤ ያልሰማውን ከኸድር ፊት አንብቧል። እጅጌውን ሲሰበስብ ኸድር ያዘው። «ተወው። ቤት ሙሉ ሰው እየጠበቀኝ ነው። ከእነሱ ቀድመን እንድረስ።»

ሲመለሱ ማሽላው ያው ነው፣ መንገዱም ያው ነው። ለማ እንደ ልማዱ ጥሩምባ አልነፋም። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» አለ፣ ለራሱ ያህል። ኸድር መሐረቡን ፈቶ መጨበጫውን አየው። እንጨቱ ለስልሷል፣ ጠቁሯል፣ ዕድሜ ጠጥቷል። የአባቱ እጅ ሥራ ነው። ቢያንስ ይሄ አለ፤ ቢያንስ ይሄ እውነት ነው። ይህን እያለ ራሱን ያጽናናል። ተከድቷል። ባዳ ቢሆን ይጮህ ነበር፣ ፍርድ ቤት ይሄድ ነበር። የገዛ ጡት ወንድሙን ለማን ይከሳል?

ግቢው ሞልቶ ጠበቀው። ሽማግሌዎቹ በማንጎው ጥላ ዙሪያ ጫታቸውን ከፊታቸው አድርገው ተቀምጠዋል፣ ሴቶቹ ሙሀባን ከበው በዳሱ በኩል ቆመዋል። ሁሉም ፈርሶ በቀረው አጥር በኩል ወደ አስፋልቱ ያያሉ። ኸድር ሲገባ ጫጫታው ረገበ። ሸህ ሱሌይማን አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«የአንተን እግር ብቻ ነው የምሰማው» አሉ።

ኸድር ከፊታቸው ተንበረከከ። መጨበጫውን በቀኝ እጃቸው ላይ አስቀመጠው። ያቺ ከንጋት ጀምሮ አየር ስትጨብጥ የዋለች እጅ ተዘጋች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ሱብሐነላህ!» አለ፣ ሌላው ዓይኑን ጠረገ። ሸህየው በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፣ አሸተቱት፣ የተበሳበትን ቀዳዳ በጥፍራቸው ዞሩት። ከዚያ በአንዱ ጎኑ ላይ የሆነ ነገር ይፈልጉ ጀመር። ጣታቸው ሄዳ ትመለሳለች። ሄዳ ትመለሳለች።

«የእርስዎው ነው ሸህ?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ቁርቁራ ነው» ሲሉ መለሱ። ሰዉ አጉረመረመ፣ ተደሰተ። እሳቸው ግን የኸድርን አንገት ይዘው ጆሮውን ወደ አፋቸው አስጠጉት።

«ሙሴ ኮስታ ሌባ ጣቱ ጎዶሎ ነበር» አሉ በሹክሹክታ። «ከግማሿ የተቆረጠች። እኔ ለጉድለቱ ነበር የጠረብኩለት፤ የቀረችው ግማሽ ጣት የምታርፍበት ጎድጓዳ አበጅቼ። ለዚያ ነው ሌላውን እንቢ ያለው። የሰው ጉድለት አይወራም ብዬ ለእናንተ ይህን ሳልነግራችሁ ቀረሁ።» ትንፋሻቸው ጆሮውን አሞቀው። «ይሄኛው ለሙሉ እጅ የተሠራ ነው፣ ልጄ።»

ኸድር መጨበጫውን አየው። ከዚያ በላይ ማየት አልፈለገም፣ ግን ታየው፤ ካቻምና፣ በአትክልቱ ዳር፣ መጥረቢያውን ሲያነሳ። ቅርፊቱን ሲልጥ። «የአባ ወግ ትዝ ይለኛል።» አልፋዋ የሙሴ ኮስታ አልፋ ሆና አታውቅም። አንድ ዓረብ ግቢ የቆመች፣ ለአንድ ሀብታም የታጨች ቀይ መኪና ነበረች፤ የጎደላት መግዣ ብቻ ነበር። መግዣው ደግሞ ኸድር ዘንድ ነበር፣ ማንጎ ሆኖ የበቀለ። እሱን ለመንቀል በየማታው የሰሙትን የአባታቸውን ታሪክ መምዘዝ ብቻ በቃ። መኪናዋን መነጠቁን በመንገድ ላይ ሊውጠው ሞክሮ ነበር። ይሄ ግን አልዋጥ አለው። እጁ የቆረጠችውን እንጨት ነው ለአባቱ ይዞ የመጣው።

በዚህ መሃል ሴቶቹ እልል አሉ።

ከሰሜን በኩል፣ በአስፋልቱ ላይ፣ ሸራ የለበሰችውን ጉብታ የተሸከመው ከባድ መኪና ብቅ ብሎ ነበር። ኸድር ፈትቶ የተወው የሸራ ጫፍ ይውለበለባል፤ ቀዩ ብልጭ ይላል። ልጆች ሮጡ፣ ሽማግሌዎቹ ብድግ አሉ፣ እልልታው ደመቀ። ሙሀባ ብቻ አፏን በነጠላዋ ይዛ ባሏን ታያለች። መኪናው ከተናደው አጥር ፊት ለፊት ደረሰ። ፍጥነቱን አልቀነሰም። ሙሉ በሙሉ አለፈ፣ ከኋላው ጥቁር ፒካፕ ተከትሎ አለፈ፣ ከዚያ አቧራው ብቻ በክፍተቱ ገብቶ በተደለደለው ጠጠር ላይ አረፈ። እልልታው አንድ በአንድ ቆመ። የመጨረሻዋ ሴት ብቻዋን ትንሽ ቀጥላ፣ ደንግጣ ዝም አለች።

«አለፈ?» አሉ ሸህየው።

«አለፈ፣ አባ።»

«ረድዋን አብሮ አለ?»

«አለ።»

«ምን ብሎ ላከህ?»

«የጣርማ በርን ሊወጣ ነው። ዱዓ ያድርጉልኝ ብሏል።»

ሸህ ሱሌይማን መጨበጫውን ቀስ ብለው ከሰሌኑ ላይ አኖሩት። እጃቸውን እስኪዘረጉ ተጠበቀ፤ በዚያ ምድር ሸህ ሱሌይማን የባረኩት ደህና ገብቷል፣ የረገሙትም አለ፣ ስሙ አይጠራም እንጂ። ሰዉ ምን እንደተፈጠረ ባያውቅም መቀመጡን ያውቃል፤ ተቀመጠ፣ መዳፉን ዘረጋ። ለማም ከዳር ቆሞ ቆቡን አወለቀ። ሸህየው ግን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ ቀሩ።

«እኔ አንዴ አድርጌለታለሁ» አሉ፤ ድምፃቸው ሁሉም ዘንድ ደረሰ። «ዛሬ አንተ አድርግለት።»

ኸድር መዳፎቹን ዘረጋ። ጀውሃ ላይ የቀይዋን ብረት የነካው መዳፉ አሁንም ያቃጥለዋል። ከወደ ደብረ ሲና መንገድ ከባዱ መኪና ለዳገቱ ማርሽ ሲቀንስ ተሰማ፤ የሸህየውም ቀኝ እጅ ሳያውቁት አብራ ወደ ኋላ ሳበች። ሰዉ «አሚን» ሊል አፉን አዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ኸድር አፉን ከፈተ።